ወደ ግራ የምትጎትተው ቮልስ

ግቢው ውስጥ አሮጌ ቮልስ የቆመበት ቤተሰብ ሁሉ አንድ ክርክር አያጣም። ልጆች «ይሸጥና ይገላገሉ» ይላሉ። አባት «እኔ እያለሁ አይሸጥም» ይላሉ። እናት ሁለቱንም ሰምተው ቡና ያቀርባሉ። በኛም ቤት ይኸው ክርክር ከ20 ዓመት በላይ ዘልቋል። ዘንድሮ ግን መልኩን ለወጠ። መኪናዋ ትሸጥ አትሸጥ የሚለው ቀርቶ፣ አማቴ ከእንግዲህ ይንዱ ወይስ አይንዱ የሚል ሆነ። ይህ ጥያቄ የብዙዎቻችሁን ቤት ያንኳኳ ወይም ሊያንኳኳ የተቃረበ ስለሆነ፣ የዛሬውን አምድ ለፍሬን ሸራ ብሰጠው ትታገሱኛላችሁ ብዬ አምናለሁ።

አማቴን ልጆቼ «አባባ» ስለሚሏቸው እኔም እንደዚያው ነው የምጠራቸው። 78 ዓመታቸው ነው። መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል ቮልስዋገን 1300 ናት፤ ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት። ይህ ዓይነቱ ቮልስ በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ፣ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ነው የወጣው። ስለዚህ «መለዋወጫ የለም» የሚለው ሰበብ ገና አይሠራም። አባባ በዚህች መኪና ሙሽራ አጅበዋል፣ አራስ ከሐኪም ቤት አምጥተዋል። ባለቤቴ ከነዚያ አራሶች አንዷ ናት።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ቅዳሜ አባባ የ13 ዓመት ልጄን ይዘው ከእንጦጦ ማርያም ሲመለሱ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወርደው መንገድ ላይ ፍሬን ረገጡ። መኪናዋ ወደ ግራ ዘለለች። ከታች ይወጣ የነበረ ሚኒባስ ጥሩንባውን እየነፋ በጣት በሚቆጠር ርቀት አለፋቸው። ማንም አልተጎዳም። ወሬው ግን ከነሱ ቀድሞ ቤት ደረሰ።

እሁድ ከሰዓት የሚስቴ ወንድሞችና እህቶች ተሰበሰቡ። እንዲህ ባለው ስብሰባ ላይ ስለ አንድ ሰው እሱ በሌለበት በፍቅር ይነገራል፤ ፍርዱ ግን ያው ፍርድ ነው። «እጃቸው ደክሟል።» «ዓይናቸውም እንደ ድሮው አይደለም።» «ልጅ ይዘው መንገድ ስተው ነበር እኮ!» ታላቅየው ቁልፉን እንዲቀበላቸው ተወሰነ። እንዴት አድርጎ እንደሚቀበላቸው ግን ማንም አልነገረውም። አባባ ጎናቸው ያለው ክፍል ውስጥ ሬዲዮ ከፍተው ተቀምጠዋል። ሬዲዮውን እየሰሙ እንዳልነበረ ማናችንም አናጣውም።

በዚህ መሀል ልጄ በር ላይ ቆሞ፣ ሳይጠየቅ፣ «አባባ እኮ መሪውን ወደ ቀኝ ነበር የያዙት» አለ። ዝም አልን። «እሳቸው ወደ ቀኝ ሲይዙ መኪናዋ ወደ ግራ ሄደች። ሁለት ጊዜ አይቻለሁ።» አንዷ አክስቱ «አንተ ልጅ፣ የትልቅ ሰው ወሬ ውስጥ አትግባ» አለችው። እኔ ግን ጋራዥ አካባቢ ያደግሁ ሰው ነኝና ነገሩ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ቁልፉን ከመቀበላችን በፊት አንድ ሳምንት ስጡኝ አልኳቸው። ሰጡኝ፤ በዚያ ሳምንት መኪናዋ ከግቢ እንዳትወጣ ብለው። አባባም በዚህ ተስማሙ።

በማግስቱ በማለዳ መኪናዋን እኔው ቀስ አድርጌ ሜዳ ወደሆነና ሰው ወደሌለበት ሰፊ ቦታ ወሰድኳት። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን አየር አስተካከልኩ፤ የአንዱ ጎማ አየር ከሌላው ቢያንስም መኪና ሊጎትት ይችላልና። ከዚያ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዳሁ መሪውን ሳላጠብቅ ያዝኩና ፍሬን ረገጥኩ። ወደ ግራ። ዞሬ በሌላው አቅጣጫ ሞከርኩ። አሁንም ወደ ግራ። ሦስተኛው ላይ ከዚህ በላይ መድከም አያስፈልግም ብዬ ተመለስኩ። እኔ 51 ዓመቴ ነው፣ እጄም አልደከመም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልንገራችሁ። መኪና ፍሬን ሲረገጥ ወደ ግራ ከጎተተች፣ የታመመው ብዙውን ጊዜ የግራው ጎማ አይደለም፤ የቀኙ ነው። ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎችን አስቡ። የግራው ቢቆምና የቀኙ መራመዱን ቢቀጥል፣ ቀንበሩ የሚዞረው ወደ ቆመው ወደ ግራው ነው። መኪናም እንዲሁ ናት። የግራው ጎማ ፍሬን በደንብ ይዞ ሲያቆም፣ የቀኙ ሳይይዝ መሽከርከሩን ይቀጥላል፣ አፍንጫዋም ወደ ግራ ይዞራል። እኛ አገር በቀኝ ስለምንነዳ፣ ወደ ግራ መዞር ማለት ከፊት ወደሚመጣው መኪና መዞር ማለት ነው።

ረቡዕ የቀኙን የፊት ጎማ ከፈትን። «ከፈትን» ስል ልጄን፣ አባባንና የሰፈራችንን አንድ ጡረታ የወጡ መካኒክ ጨምሬ ነው። በፍሬን ሥራ ላይ ብቻን መሥራት አልወድም፤ የቱንም ያህል ቢያውቁት ሁለተኛ ዓይን ያስፈልጋል። የጎማውን ቡሎኖች መኪናዋ መሬት ላይ እያለች አላላን። የኋላ ጎማዎች ሥር ድንጋይ ሸጎጥን፣ የእጅ ፍሬኑን ያዝን፣ በክሪክ አንስተን ከሥሯ ጠንካራ የብረት መደገፊያ አቆምን። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለመደገፍ አይደለም። ይህን ልጄን ሦስት ጊዜ አስደገምኩት።

ጎማው ከወጣ በኋላ የሚታየው ክብ የብረት ገበታ ታምቡሩ ነው። የፍሬን ሸራ የሚባሉት ሁለት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ብረቶች ከውስጡ አሉ፤ ጀርባቸው ላይ ሸራው ተለጥፏል። ባንድ ጫፋቸው ትንሿ የፍሬን ሲሊንደር ትገፋቸዋለች፣ በሌላው ጫፍ ማስተካከያዎቹ ይይዟቸዋል፣ ሞላዎች ደግሞ ወደ ውስጥ ይስቧቸዋል። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱ ሲሊንደሯን ይገፋል፣ ሸራዎቹ ተከፍተው ከሚሽከረከረው ታምቡር ጋር ይፋተጋሉ። ያ ነው ሁሉም ነገሩ። በአንድ በርሜል ውስጥ ሆኖ ሁለት እጅን ወደ ውጭ ዘርግቶ እንደማቆም ያለ ነው።

ታምቡሩ ሲወጣ መካኒኩ ምንም ሳይናገሩ አባባን አዩዋቸው። ሸራው ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነበር፤ ሲነካ ይንሸራተታል። የሲሊንደሯን የጎማ መሸፈኛ በካቻቪቴ ጫፍ ገለጥ ሲያደርጉት ከሥሩ የፍሬን ዘይት ጠብ አለ። ለስንት ጊዜ እየፈሰሰ ሸራውን ሲያጠጣው እንደኖረ እግዜር ይወቅ። በግራው በኩል ግን፣ በኋላ እንዳየነው፣ ሸራው ያለቀ ቢሆንም ደረቅ ነበር። አባባ «ዘይቱ ይጎድል ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ጋራዥ ወስጃት ነበር። ሸራውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው መለሱልኝ። ዘይት ሲጎድል ይጨምሩበት አሉኝ።»

የጋራዡን ስም ጠይቄ አላተርፍም። ነገር ግን ይህን የሚያነብ መኪና ያለው ሁሉ ይወቅልኝ፤ የፍሬን ዘይት የጠጣ ሸራ አይድንም። በቤንዚን ቢታጠብ፣ በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፈግ፣ በእሳት ቢለበለብ፣ ሲሞቅ ከውስጡ ያስወጣዋል። የሚጣል ነገር ነው። የፍሬን ዘይት ደግሞ እንደ ሞተር ዘይት የሚበላ ነገር አይደለም፤ ሸራው እያለቀ ሲሄድ ከማስቀመጫው በጥቂቱ ዝቅ ይላል እንጂ፣ ደጋግሞ ከጎደለ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። በዚህች መኪና ላይ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ቮልሶች የፊቱና የኋላው ፍሬን መስመር የተለያየ ነው፤ አንዱ ቢፈስ ሌላው ይይዛል። የአባባ ግን ባለ አንድ መስመር ናት። በአንዱ ጎማ በኩል ዘይቱ ካለቀ አራቱም ጎማዎች ያለ ፔዳል ፍሬን ይቀራሉ። የሚተርፈው ኋላ ጎማዎች ላይ በሽቦ የሚሠራው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። በሽሮ ሜዳ ቁልቁለት ላይ ይህ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ይህን አምድ አይሆንም ነበር።

ሥራውን ከመቀጠላችን በፊት ልጄን ራቅ እንዲል አደረግኩ። ምክንያቱ ታምቡር ውስጥ የሚጠራቀመው ግራጫ ብናኝ ነው። በዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ በአብዛኛው አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን ይገባበት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም የአስቤስቶስ ዓይነት ካንሰር እንደሚያመጣ ይናገራል፤ በሽታው የሚታየው ደግሞ ብናኙ ከተሳበ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። እኔ ብስበው ምናልባት ዕድሜዬ ይቀድመው ይሆናል። የ13 ዓመት ልጅ ግን ሊደርስበት የሚችል ረጅም ጊዜ አለው። ሸራው አስቤስቶስ ይኑረው አይኑረው በዓይን አይለይም፤ ስለዚህ እንዳለው ቆጥሮ መሥራት ነው። በአየር ማስነፋት፣ በአፍ እፍ ማለት፣ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ ነውር ነው። እኛ ውኃና ትንሽ ሳሙና በመርጫ ጠርሙስ ነፍተን፣ ርሶ ሲረጋ በጨርቅ ጠርገን፣ ጨርቁን እርጥቡን ፕላስቲክ ውስጥ ቋጥረን ጣልን። ልብሳችንም ከሌላው ልብስ ጋር አልታጠበም። ጋራዥ ውስጥ በየቀኑ በአየር የሚያስነፉትን ወጣቶች ሳስብ ግን ልቤ ይጨነቃል። የነሱም እናቶች ይህን አምድ ያነቡ ይሆናል።

አዲሱን ሸራ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወረድን። አሮጌውን በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤ ነበር የሄድኩት፤ የመኪና ዓይነት በቃል ነግሮ ሸራ መግዛት ጫማ ለሰው ቁመት ነግሮ እንደመግዛት ነው። የኛ የፊት ሸራ ስፋቱ 40 ሚሊሜትር ነው፣ የኋላው ደግሞ ጠበብ ይላል። አንዱ ሻጭ «ይኸው ነው፣ ሁሉም አንድ ነው» እያለ የኋላውን ሊሰጠን ነበር። አሮጌውን ላዩ ላይ ስናስቀምጥ ልዩነቱ ራሱ ተናገረ። ሁለተኛው ሱቅ ጥሩ አገኘን። አራቱንም ባንድ ማሸጊያ፣ የአንድ ሠሪ። አንዱ ጎማ ላይ አዲስ፣ ሌላው ላይ አሮጌ ማድረግ ያንኑ መጎተት በገንዘብ ገዝቶ እንደመመለስ ስለሆነ የግራውም አብሮ ይቀየራል። ሲሊንደሮቹንም ሁለቱንም ገዛን፤ ከታምቡሩ ኋላ ያለውን የግሪስ መከላከያ ጎማም እንዲሁ።

አሮጌውን ብረት በአዲስ ሸራ የሚያስለብጡ ሙያተኞች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ለጭነት መኪና ሲሠሩ አይቻቸዋለሁ፣ እጃቸውም ጥሩ ነው። እዚህ ግን ዘይት የጠጣውን ብረት ማጽዳቱ ስላላስተማመነኝ አልሞከርኩም።

ታምቡሮቹን ቶርኖ ቤት ወሰድናቸው። ሸራው ሲያልቅ የሚስማሩ ራስ ብቅ ብሎ ብረቱን ቧጥጦት ነበር፤ አሮጌ ታምቡር ደግሞ ጠርዙ ላይ ከንፈር ያወጣል። ሲፋቅ ሁለቱም እኩል መፋቅ አለባቸው። አዲስ ሲሆን የውስጡ ስፋት 230 ሚሊሜትር ነው፤ እየተፋቀ ሲሰፋ ብረቱ ይሳሳል፣ ከገደቡ ካለፈ መጣል እንጂ መፋቅ የለም። ባለ ቶርኖው ለክቶ «ገና ነው» ሲል አባባ ፈገግ አሉ። በዚያ ሳምንት ስለ አንድ አሮጌ ነገር እንዲህ ሲባል የሰሙት ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል።

መግጠሙ ግማሽ ቀን ፈጀ። ትልቁ ብልሃት ቀላል ነው፤ አንዱን ጎማ ሳይጨርሱ ሌላውን አለመፍታት። የቱ ሞላ በየት በኩል እንደሚያልፍ ሲጠፋችሁ ያልተፈታው ወገን መጽሐፋችሁ ነው። ሞላ ሲፈታ ይፈናጠራል፣ ዓይን ላይ ቀልድ የለም፤ ልጄ ብናኙ ከተጠረገ በኋላ ሲመለስ መነጽር አድርጎ ነው። ታምቡሩ ወጥቶ ሳለ ፔዳሉን ማንም እንዳይነካ ትንሿን ልጄን ከመኪናዋ ውስጥ አስወጣኋት፤ ያኔ ቢረገጥ የሲሊንደሩ ውስጥ ተሸርተቶ ይወጣል። ሸራው በጣት አይያዝም፤ የእጅ ቅባት ብቻውን ያበላሸዋል። ከኋላ ያለው ሳህን ላይ ሸራው የሚንሸራተትባቸው ነጥቦች ግን ሙቀት የሚችል ግሪስ ይወዳሉ፤ የስንዴ ቅንጣት ያህል ብቻ። ማስተካከያዎቹ ጫፍ ላይ ያለው መሰንጠቂያ አግድም ሳይሆን ዘንበል ያለ ነው። የሸራውን ጫፍ ዘንበልታው በሚስማማው በኩል ካላስቀመጡት ይገጥማል፣ ግን በትክክል አይቀመጥም። መካኒኩ ሳያዩት የማያልፉት ይህን ነው።

በዚህ ሁሉ መሀል የሚያስቀው የቋንቋው ነገር ነበር። ልጄ በስልኩ ቪዲዮ አይቶ የዕቃውን ስም በእንግሊዝኛ ይጠራል። አባባ ደግሞ «ካቻቪቴ አምጣ፣ ያንን ሞላ በፒንሳ ያዘው፣ ቡሎኑን አጥብቀው» ይላሉ፤ ሁሉም ጣሊያን ትቶት የሄደው ነው። ልጁ አይሰማቸውም፣ እሳቸውም አይሰሙትም፣ እኔ መሀል ሆኜ አስተረጉማለሁ። ማታ ላይ ግን ልጁ እናቱን «ፒንሳው የት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁት።

የግራው ጎማ የራሱ ጠባይ አለው። የቮልስ የፍጥነት መቁጠሪያ የሚዞረው በግራ የፊት ጎማ ስለሆነ፣ ቀጭን ሽቦ በመሀሉ አልፎ ክዳኑ ላይ ይታሰራል፤ ክዳኑን ጎትቶ ማውጣት ሽቦውን መበጠስ ነው። ኩሽኔታውን የሚይዘው ዳዶም በግራ በኩል የሚፈታው በለመድነው አቅጣጫ ሳይሆን በተቃራኒው ነው። በጉልበት ከመታገል ቆም ብሎ ማሰብ ይሻላል። ሲመለስም ታምቡሩን እያዞሩ ማጥበቅ፣ ከዚያ ከሥሩ ያለችው ቀለበት በካቻቪቴ ገፋ ሲያደርጓት እስክትንሸራተት ድረስ ማላላት ነው። ከዚህ በላይ ከጠበቀ ኩሽኔታው ይቃጠላል፣ ከዚህ በላይ ከላላ ጎማው ይወዛወዛል።

አየር ማስወጣቱ ላይ አባባን መሪው ላይ አስቀመጥናቸው። ከዋናው ፓምፕ ከሚርቀው ጎማ ይጀመራል፤ መጀመሪያ የቀኝ ኋላ፣ ከዚያ የግራ ኋላ፣ ከዚያ የቀኝ ፊት፣ መጨረሻ የግራ ፊት። ልጄ ከታች ሆኖ ቀጭን ቱቦ ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ነክሮ «ይርገጡ አባባ!» ይላል። እሳቸው ይረግጣሉ። «ይያዙት!» እሱ ያጠብቃል። «ይልቀቁ!» ይለቃሉ። የወጣው አሮጌ ዘይት የቡና አተላ ይመስል ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ ለዚህ ነው በየሁለት ዓመቱ የሚቀየረው። ውኃ ያለበት ዘይት በረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉም ስፖንጅ ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው ቀንሶ በማርሽ ይውረድ የሚባለው ወዶ አይደለም። አሮጌ ሰዎች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ትክክል ነው። ማስቀመጫው ውስጥ የሞተር ዘይት የሚጨምር ሰው ደግሞ ጎማዎቹን ሁሉ አሳብጦ ፍሬኑን ይገድላል።

አባባ ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ሲረግጡ፣ ሲይዙ፣ ሲለቁ ዋሉ። አንድም ጊዜ ከተባሉት በፊት አልለቀቁም። ታላቁ የሚስቴ ወንድም መጥቶ በር ላይ ቆሞ ይመለከት ነበር። ምንም አላለም፤ እኔም ምንም አላልኩም።

የመጨረሻው ማስተካከል ነው። ታምቡሩ ላይ ባለችው ቀዳዳ በካቻቪቴ ማስተካከያውን ጎማው አልዞር እስኪል ድረስ ማጥበቅ፣ ከዚያ ሦስት ወይም አራት ጥርስ መመለስ። ለያንዳንዱ ሸራ ለየብቻ። ከዚያ ፔዳሉን ጥቂት ጊዜ ረግጦ ሸራዎቹ መሀል ላይ እንዲቀመጡ ካደረጉ በኋላ እንደገና ማየት። ይህን ሁለተኛውን የሚዘልል ብዙ ነው።

ቅዳሜ ወደዚያው ሜዳ ተመለስን፤ በዚህ ጊዜ የነዱት አባባ ናቸው፣ እኔ ጎናቸው ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ቀስ ባለ ፍጥነት፣ ከዚያ በ30፣ ከዚያ በ50። እጃቸውን ከመሪው ላይ ለቀቅ አድርገው ረገጡ። ቀጥ ብላ ቆመች። አዲስ ሸራ ግን ገና ከታምቡሩ ጋር አልተላመደም፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ለስለስ አድርጎ መያዝ፣ ድንገተኛ አለማድረግ፣ ቁልቁለት አለመሄድ ይፈልጋል። ስለዚህ እንጦጦ ለጊዜው ቀረ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን «እሳቸው ይንዱ» ብዬ ደምድሜ ተነሳሁ እንዳይመስላችሁ። ፍሬኑ መኪናዋን ነጻ አወጣ፤ ስለ ዓይናቸው ምንም አይናገርም። ሁለቱን ጥያቄዎች መለየት ነው የፈለግኩት። በልጆች ስብሰባ ላይ ዕድሜ ሁሉንም ነገር የሚያብራራ መልስ ይሆናል፤ ኩባያ ከወደቀ ዕድሜ፣ ስም ከተረሳ ዕድሜ፣ መኪና ከጎተተ ዕድሜ። ከዚያ ሽማግሌው የሚከራከሩበት ነገር ያጣሉ። ምክንያቱ የሚጠገን ነገር ሆኖ ሳለ በማይጠገነው ይመካኛል፤ የሚጠገነው ደግሞ ሳይጠገን መንገድ ላይ ይቀራል። ቁልፉን ብንቀበላቸው ኖሮ መኪናዋን ማን ይነዳት ነበር? ታላቁ ወንድም። ያው ሸራ፣ ያው ሲሊንደር፣ ያው ቁልቁለት።

እሁድ ዕለት ስለ ዓይናቸው ራሳቸው አነሱት። «ማታ የሚመጣው መብራት ይበትንብኛል» አሉ፤ ለልጆቻቸው ሳይሆን ለልጄ። በሳምንቱ ዓይን ሐኪም ጋር አብረን ሄድን። በአንዱ ዓይናቸው ሞራ ጀምሯል፤ ሐኪሙ በቀዶ ጥገና የሚነሳ መሆኑን ነገሯቸው። እስኪነሳ ድረስ ከመሸ አይነዱም፣ ልጅ ይዘውም አይነዱም፤ ይህን ያሉት እሳቸው ናቸው፣ ማንም አላዘዛቸውም። ቁልፉ ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው።

የኋላው ፍሬን ገና ይቀረናል። በታምቡሩ ቀዳዳ በባትሪ አይተነዋል፤ ሸራው ከ2.5 ሚሊሜትር በላይ ስላለው ይቆየናል፣ ዘይትም አልነካውም። ሲከፈት ግን መሀሉ ላይ ያለው ዳዶ ባለ 36 ቁልፍ ይፈልጋል፤ ሲጠብቅ ወደ 300 ኒውተን ሜትር ስለሚጠብቅ በቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ ሁለት ሰው ካልተንጠለጠለበት አይንቀሳቀስም። በክሪክ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ እንዳለች ነው የሚላላው። ሲመለስም የማሰሪያዋ ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት አጥብቆ ማግጠም እንጂ ወደኋላ ማላላት የለም። ቁልፉን መካኒኩ አላቸው፤ ቱቦውን አባባ ከግቢው ጥግ አግኝተዋል፤ ተንጠልጣዮቹ ልጄና ታላቁ የሚስቴ ወንድም እንዲሆኑ ተስማምተናል።